የሚያስገባ ካለ የሚያወጣም ይኑር
(በደብረ ታቦር ከተማ ለክሊኒክ ተገልጋይ ባለትዳሮች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ጥቅም ብዙ አልናገርም። እዚህ የተቀመጣችሁት ጥቅሙን አውቃችሁ ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በቤት ኪራይ፣ በጤፍ ዋጋና በትምህርት ቤት ወጪ ፊት እንደማይቆም ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የዛሬው ርእሳችን ፈቃድ ነው። አንዲት ሴት በሰውነቷ ላይ ለሚደረግ ሕክምና «እሺ» ስትል ምን ማለቷ ነው? ኋላ «ይብቃኝ» ብትልስ ማን ይሰማታል?

ነገሩን ለማስረዳት በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ፣ ኢምፕላንት የምንለውን ልውሰድ። ኪኒን የምትወስድ ሴት ማቆም ብትፈልግ ዛሬ ማታ ትተዋለች። መርፌ የምትወጋም ሦስት ወሩ ሲሞላ አትመለስም፤ በዚያው ያበቃል። ክንድ ውስጥ የገባው ግን እንደዚህ አይደለም። ሴቲቱ ራሷ ልታወጣው አትችልም። የሠለጠነ ባለሙያ፣ ማደንዘዣና ንጹሕ መሣሪያ ያስፈልጋል። እንግዲህ ማስገባት የሚችል ባለሙያ አደራ ተቀብሏል ማለት ነው፤ አደራውም የሚያልቀው ሲያስገባ ሳይሆን ሲያወጣ ነው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ስድስት ዘንግ የነበረው ኖርፕላንት የተባለው መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በኢንዶኔዥያ በብዙ ሴቶች ክንድ ገብቶ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን የሚያወጣ የሠለጠነ ሰው እንደልብ አልተገኘም። በእኛ አገር የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን ባለ አንድ ዘንግ መከላከያ በየቀበሌው እንዲያስገቡ ሥልጠና መስጠት ተጀመረ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቀድሞ ከተማ ድረስ በእግር ትመጣ የነበረች የገጠር እናት አገልግሎቱን በሰፈሯ አገኘች። ማውጣቱ ግን የጤና ጣቢያ ሥራ ሆነ። ማስገቢያው ቅርብ፣ ማውጫው ሩቅ ሆነ ማለት ነው።

እንበልና አንዲት እናት ከጉና ተራራ ሥር ተነሥታ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ትመጣለች። የመጣችው ልታስወጣ ነው። ባለሙያው «ገና ዓመት አልሞላሽም፤ ትንሽ ታገሺ» ይላታል። ምክንያቱን ስትጠየቅ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ደሟ ያለ ጊዜው እየመጣ፣ ጥቂት ቀን ቆሞ እየተመለሰ አስቸግሯታል። በሕክምና መጽሐፍ ይህ ለጤና የማያሰጋ የጎንዮሽ ጠባይ ነው፤ ከጊዜ በኋላም በብዙዎች ይቀንሳል። እርሷ ግን ደም ሲፈሳት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ሰንበት አልፎ ሰንበት ሲመጣ ከቅጥሩ ውጭ ቆማለች፤ ጎረቤትም መጠየቅ ጀምሯል። ታዲያ ይህ ለእርሷ ቀላል ነው ወይ? ቀላልና ከባድ መሆኑን የምትመዝነው የተሸከመችው ሴት ናት።

እርግጥ ባለሙያውም ሐሳብ አለው። መድኃኒቱ ገንዘብ የወጣበት ነው፤ ሴቲቱ ሳትዘጋጅ እንዳታረግዝም ይሰጋል። ስጋቱ እውነት ነው። ስለዚህ ይምከራት፤ ደሙን የሚያስታግስ ሕክምና ካለ ይንገራት፤ ሌላ ዘዴም ያሳያት። ነገር ግን መምከር ሌላ፣ መከልከል ሌላ ነው። ምክሩን ሰምታ «አሁንም ይውጣልኝ» ካለች ሊወጣላት ይገባል። ዕቃው የመንግሥት ወይም የለጋሽ ሊሆን ይችላል፤ ክንዱ ግን የእርሷ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ወንዶቹ ልምጣ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ እንዲህ ያለው አላስፈላጊ ገደብ እንዲነሣ ጠየቀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት እንዲጠበቁ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ዛሬ ሚስት አገልግሎቱን ለማግኘት የባሏን ፊርማ አትጠየቅም።

«ታዲያ እኛ ምን ቀረን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የቀረላችሁ ትልቁ ነገር ነው፤ ምክክሩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እንደሚባለው፣ ልጅ መቼና ስንት የሚለው የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ነርሷን «ሚስቴ ምን ተጠቀመች?» ብላችሁ ብትጠይቋት አትነግራችሁም። አትቆጡ። እናንተም ነገ ለምርመራ ስትገቡ ያው ምስጢር ጠባቂነት ይጠብቃችኋል። ሚስት ለነርስ የምትነግረውን ለባሏ መንገር ከፈራች፣ መፍትሔው የክሊኒኩን በር ማንኳኳት ሳይሆን ቤት ውስጥ የማያስፈራ ጆሮ መስጠት ነው።

በመጨረሻ ጥቂት ተግባራዊ ነገሮችን ላስታውሳችሁ።

ከማስገባታችሁ በፊት አራት ጥያቄ ጠይቁ። ስሙ ማን ነው? ለስንት ዓመት ያገለግላል? ምን ዓይነት ለውጥ ያመጣል? ባልፈልገው የት ሄጄ፣ በማን ይወጣልኛል? ለአራተኛው ጥያቄ ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ሳትቸኩሉ ሌላ ቦታም ጠይቁ።

ካርዳችሁን አትጣሉ። ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል ለ5 ዓመት የተሠሩ ናቸው። የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን አስጽፋችሁ ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር አስቀምጡት።

የሳንባ ነቀርሳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ እናት አስቀድማ ትናገር። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የመከላከያውን ኃይል ይቀንሳሉ። ኢምፕላንት ከአባለ ዘር በሽታና ከኤች አይ ቪም አይከላከልም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

እንስራ መሸከምና እንጨት መፍለጥ ዘንጉን ወደ ልብ ይወስደዋል የሚለው ወሬ ሴቶችን ከሥራቸው ሊያግዳቸው አይገባም። ቁስሉ እስኪድን ጥቂት ቀን ክንድን ከከባድ ሸክም ማሳረፍ ይበቃል። ዘንጉ በጣት ሲዳሰስ ካልተገኘ ግን ኮንዶም እየተጠቀማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በቤት ውስጥ በምላጭ ለማውጣት ከቶ አትሞክሩ።

መውለድ የምትፈልጉም አትስጉ። ኢምፕላንቱ ሲወጣ የመውለድ ችሎታ ሳይዘገይ ይመለሳል። የሚዘገየው በሦስት ወር መርፌ ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በአማካይ ወደ 10 ወር ሊወስድ ስለሚችል ይህን አስቀድማችሁ አስሉ።

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት «ሲበቃኝ ይወጣልኛል» ብላ ካመነች ያለ ፍርሃት ትቀበላለች፤ ለእህቷም ትመክራለች። አንዷ ለምና ሳይወጣላት ከተመለሰች ግን ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቀበሌዋ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ብንሰብክ የሚሰማን የለም። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ካርዱን አውጡና ሁለታችሁም ቀኑን ተመልከቱ። ቀኑ ካለፈ ነገ ኑ። ቀኑ ሳይደርስም ከከበዳችሁ ኑ። በሩ ለመግባትም ለመውጣትም ያው ነው።