እንስሳት ባሉበት ቤት የፍራፍሬ ዝንብን ስለ ማጥፋት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ከግድብና ከድልድይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ምንጩን ትቶ ውጤቱን ማሳደድ ምን ያህል እንደሚያከስር ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በየቤታችን አይገኝም።

እንደሚታወቀው የአትክልት ተራ ገበያ በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ለምንኖር ሰዎች ገበያው ደጃችን ድረስ ቀርቦልናል። በጀሞ፣ በለቡና በጎፋ በዘንቢል ከሚገባው ሙዝና ማንጎ ጋር ግን ያልተጠራ እንግዳ አብሮ ይገባል፤ ይኸውም በተለምዶ ትንኝ የምንለው የፍራፍሬ ዝንብ እንቁላል ነው።

ሴቲቱ ዝንብ በዕድሜዋ እስከ 500 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ሆኖ ይበራል፤ በ18 ዲግሪ ግን ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የአዲስ አበባ ብርድ ሲያዘገየው የማድ ቤታችን ሙቀት ያፋጥነዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ዘር ውርስ ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ቶማስ ሀንት ሞርጋን ይህንኑ ዝንብ ያረባው በወተት ጠርሙስ ውስጥ፣ ሙዝ እየመገበ ነበር። እኛም የቆሻሻ ባልዲያችንን ለ2 ሳምንት ከዘነጋነው ሳናስበው የሞርጋንን ቤተ ሙከራ እናቋቁማለን።

ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚያነሣው የመርዝ መርጫውን ነው። መርዙ የሚገድለው ግን በዚያች ሰዓት የሚበረውን ነው፤ በብስባሹ ውስጥ ያለው ትል አብዛኛው ሳይነካ ስለሚቀር ከጥቂት ቀን በኋላ ያው መንጋ ይመለሳል። የረበበው መርዝ በበኩሉ በወለሉና በምንጣፉ ላይ ያርፋል፤ ድመት በዚያ ላይ ተኝታ ጠጉሯን ትልሳለች። ፐርሜትሪን የተባለውን መርዝ የድመት ጉበት እንደ ውሻ ጉበት ሊያፈርሰው ስለማይችል መንቀጥቀጥን፣ አልፎም ሞትን ያስከትልባታል። ማላታይዮንንና ዳያዚኖንን የመሳሰሉ የእርሻ መድኃኒቶችም ነርቭን የሚመቱ በመሆናቸው ለውሻም፣ ለወፍም፣ ለሕፃንም አደገኞች ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 መውጣቱ እነዚህ ነገሮች እንደ ተራ ሸቀጥ የማይታዩ መሆናቸውን ያስረዳል።

መርዝ ትተው በረኪናና አቼቶ ቀላቅለው በማፍሰሻ ቱቦ የሚያፈሱ ሰዎችም ከድጡ ወደ ማጡ ይሄዳሉ። ከድብልቁ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ከአየር 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይንጣለላል፤ ድመትና ውሻ የሚተነፍሱትም በዚያው ከፍታ ነው።

እንግዲህ በበኩሌ የማቀርበው መፍትሔ በሦስት ይከፈላል።

አንደኛ፣ ምንጩን መቁረጥ ነው። የበሰለ ፍራፍሬ ታጥቦ በማቀዝቀዣ ወይም በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ የሊጡ ቡሃቃና የጠላው ጋን በሚገባ ይከደኑ፤ ልጣጭና አተላ ሳያድሩ ይውጡ፤ ከውሻው ሳህን የተረፈው ይታጠብ፤ መወልወያው ጨርቅ ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ ማፍሰሻውን ማጽዳት ነው። ትሉ የሚኖረው በቱቦው አፍ ላይ በተለጠፈው ዝቃጭ ስለሆነ በብሩሽና በሳሙና ይፈተግ። የፈላ ውሃ ግን የፒቪሲ ቱቦን ያለሰልሳልና ለብ ያለው ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ወጥመድ ነው። በከባድ ብርጭቆ ጥቂት አቼቶ ይደረግና አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል። ሳሙናው የፈሳሹን የገጽ ውጥረት ስለሚቀንስ ዝንቡ በላዩ መቆም አቅቶት ይሰጥማል። በአፉ ላይ ጫፉ ጠባብ የሆነ የወረቀት ማንቆርቆሪያ ቢሰካበት የገባው አይወጣም። ብርጭቆው ድመት በማትገለብጠው ስፍራ ሆኖ ለ3 ሳምንት ያህል ይቆይ፤ በእኛ አየር ጠባይ ቀድሞ የተጣለው እንቁላል በርሮ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ይህን ያህል ነውና።

የመርዙን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ፍጡር ከእኛ ጋር እስከኖረ ድረስ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን የማታ ልማድ ነው።