የቃላት ጨዋታና የፊደላችን ጠባይ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ከሙያችን የራቀ የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን እስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ የፈለሰፈው አልፍሬድ በትስ አርክቴክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ባጣ ጊዜ ከጋዜጣ ላይ ፊደላትን እየቆጠረ፣ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ መዝግቦ የጠጠሮቹን ብዛት በዚያው ልክ ወሰነ። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ከ100 ጠጠሮች 12ቱ «ኢ» የተባለው ፊደል መሆናቸው የዚሁ ቆጠራ ውጤት ነው።

ይህን ጨዋታ ወይም መስቀለኛ ቃላትን በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ገና ከጅምሩ ከፊደሉ ጋር ይጋጫል። የላቲኑ ፊደል 26 ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ በሰባት ድምፅ ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር 231 ይሆናሉ። ሁለት ቃላት በሚተላለፉባት ሣጥን ውስጥ ተነባቢውም አናባቢውም አብረው መግጠም አለባቸው። «ሰበረ» በመካከለኛው ፊደሉ ከ«በቅሎ» ጋር ይተላለፋል፤ «ሰባሪ» ግን ከዚያው ሥር የበቀለ ሳለ «ባሕር»ን ይፈልጋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ቃሉን ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ እርባታውንም ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

በሌላ በኩል ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አለመለየቱ ለአንባቢ ችግር ሲሆን ለተጫዋች ሲሳይ ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ይሆናል። «ሽፍታ» ላልቶ በረሃ የገባውን ሰው፣ ጠብቆ በቆዳ ላይ የሚወጣውን ያመለክታል። በ«ይበላል» ውስጥማ በይና ተበይ በአንድ ቃል ተቀምጠዋል! የቅኔ ሊቃውንት ይህን መሰሉን ቃል ኅብር ብለው ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል።

አከራካሪዎቹ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው፤ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ «ምሥራቅ»ም የሚወጣው ከዚህ ነው። «ዓመት» የጊዜ ልክ ሲሆን «አመት» በግእዝ ሴት አገልጋይ ናት። በእኔ አስተያየት ሞክሼዎቹ በሣጥኑ ውስጥ እንደ አንድ ቢቆጠሩ ጨዋታው ይቀላል፤ በፍንጩ ላይ ግን በትክክለኛው ሆሄ ይጻፉ። ለዳኝነት በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ። በአበገደ ተራ ስለ ተደረደረ ሀለሐመ የለመደ ሰው ቃሉን እስኪያገኝ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። (ሁለት ገጽ ካነበበ በኋላ ጨዋታውን ቢረሳም አልፈርድበትም።)

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለሦስት ፊደል ቃል፦ «ኃይል»። ፍንጩ ምን ይሁን? ዕቃን የሚገፋው ነውን? ሥራ የሚሠራበት ዐቅም ነውን? ወይስ በአንድ ሰኮንድ የሚሠራው ሥራ መጠን? በፊዚክስ እነዚህ በኒውተን፣ በጁልና በዋት የሚለኩ ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ በስብሰባዎቻችን ግን ሦስቱም «ኃይል» ሲባሉ እንሰማለን። ተጫዋች ቢሳሳት ላጲስ አንሥቶ ይፍቃል፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ሲሆን ግን በዚያች ቃል ሞተር ይገዛባታል።

ስለዚህ መጽሔታችን የመስቀለኛ ቃላት ገጽ እንዲከፍት፣ ለሙያ ቃላቱም ፍንጭ የሚጽፉ አባላት ከሲቪል፣ ከመካኒክና ከኤሌክትሪክ ክፍል እንዲመደቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። «ኃይል»ን የሚወስደው ክፍል ግን አስቀድሞ ከሁለቱ ጋር ይነጋገር።