የሌሊት መንገደኛና የወገብ ሽጉጥ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ቁይ በሰፊው የእህል ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት። በስተምዕራብ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ይታያል፤ ቆላ ቆላውን ሲወርዱ ደግሞ የዐባይ በረሃ ይገኛል። በዚህ አገር ሌሊት መንገድ የሚወጣው ሰው ጥቂት አይደለም። ለማኅሌት የሚገሠግሥ ካህን አለ፤ ዶሮ ሳይጮኽ አህያውን ጭኖ ወደ ገበያ የሚነሣ ነጋዴ አለ፤ ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጥ ጎረቤት አለ። ለመንገድና ለመስኖ ጥናት በድንኳን የሚያድር ቀያሽና መሐንዲስም ከእነዚሁ መካከል ይቆጠራል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ አውሬ ቢያጋጥም በምን ይመከታል?

በጎጃም ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ የሚሰጠው መልስ «መሣሪያ» የሚል ነው። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው የመረጡት የግራ ጠመንጃ ወደ አገራችን ገብቶ «ውጅግራ» ተባለ፤ ከእርሱም በኋላ ምንሽር መጣ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በላይ ዘለቀንና ሌሎቹን የጎጃም አርበኞች ተከትሎ የዘመተው ገበሬ እነዚህን መሣሪያዎችና ከጠላት የማረካቸውን ታጥቆ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ በደጋው ሰው ዘንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የክብርና የነጻነት ምልክት ነው። ክብር ግን አንድ ነገር ነው፤ ለተወሰነ ሥራ የሚስማማ መሣሪያ መምረጥ ሌላ ነገር ነው። መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጭነቱ ምን ያህል ነው ብሎ እንደሆነ ሁሉ፣ ለዘወትር የሚያዝ መከላከያ የሚመርጥም ሰው አስቀድሞ አደጋው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

በቁይና በአካባቢዋ ሰውን የሚያሳስበው ዋናው አውሬ ጅብ ነው። ነብር በገደልና በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር በመሆኑ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መገናኘቱ እምብዛም ነው። ዝንጀሮና ጃርት የእህል ጠላቶች ናቸው እንጂ የመንገደኛ ጠላቶች አይደሉም። ያደገ ጅብ ክብደቱ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ቆሞ ከሚሄድ ሰው በአብዛኛው ይሸሻል፤ የሚደፍረው የተኛን፣ የቆሰለን፣ የሰከረንና ሕፃንን ነው። ይህም ለምርጫው ትልቅ ትርጉም አለው። የተኛ ሰው ሽጉጥ አይመዝም፤ የሰከረም ባይመዝ ይሻላል፤ ሕፃንም ሽጉጥ አይታጠቅም። እንግዲህ አደጋው ከሁሉ በሚበረታበት ሁኔታ ውስጥ ሽጉጥ ከቦታው የለም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው ጊዜ ነው። ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ይኸውም በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በ25 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጅብ ቢወረወር አንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ብቻ ይበቃዋል። በሚገባ የሠለጠነ ሰው እንኳ ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥቶ ለማነጣጠር ከዚህ የማያንስ ጊዜ ያስፈልገዋል። በጎጃም ብርድ ጋቢ የተከናነበ መንገደኛ ደግሞ መጀመሪያ ጋቢውን መግለጥ፣ ቀጥሎ ሽጉጡን መፈለግ፣ ከዚያም በጨለማ ዒላማውን መለየት አለበት። በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ዱላ ከያዘ ደግሞ ሦስተኛ እጅ የለውም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በወገብ ለሚታጠቅ ሽጉጥም የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቀ በኋላ፣ ሕግ ፈቅዶለት ሽጉጥ ለመምረጥ የወሰነ ሰው ቢኖር፣ ምርጫውን በምን መመዘን ይገባዋል? የመጀመሪያው መመዘኛ ጉልበት ነው። የማካሮቭ ጥይት አረር 6 ግራም ያህል ሲመዝን በሴኮንድ 315 ሜትር ገደማ ይወረወራል፤ ጉልበቱም ወደ 300 ጁል ነው። የቶካሬቭና የተለመደው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ወደ 500 ጁል ይደርሳሉ። ከሪቮልቨሮች ወገን ማግነም 357 የሚባለው ከ700 ጁል በላይ ይሰጣል። በአንጻሩ የክላሽንኮቭ ጥይት ወደ 2000 ጁል፣ የጥንቱ ውጅግራ ደግሞ በ25 ግራም እርሳሱ ወደ 2500 ጁል ያህል ጉልበት ነበራቸው። ከዚህ የምንረዳው ሽጉጥ ለመሸከም የሚመች መሣሪያ እንጂ ኃይለኛ መሣሪያ አለመሆኑን ነው። አንገቱ የደነደነና አጥንቱ የጠነከረ አውሬ በአንዲት የሽጉጥ ጥይት ወዲያው ይወድቃል ብሎ ማሰብ አይገባም። የቆሰለ ጅብ ደግሞ ካልቆሰለው ይልቅ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ አስተማማኝነት ነው። ሪቮልቨር ጥይቱን በሚዞር ጎማ ስለሚይዝ አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ቃታውን እንደገና መሳብ ቀጣዩን ያመጣዋል። ነገር ግን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ጥይት ብቻ ነው። ባለ ካዝናው ሽጉጥ ብዙ ጥይት ይይዛል፤ ነገር ግን አቧራ፣ ዝገትና የተበላሸ ካዝና ያሰናክሉታል፤ ንጽሕናና ዘይት የማይለየው መሆን አለበት።

ሦስተኛው መመዘኛ ለባለቤቱ ለራሱ ያለው ደኅንነት ነው። ማካሮቭ ክብደቱ 730 ግራም ያህል ሆኖ መዶሻውን ሳይተኩስ የሚያወርድ የደኅንነት መቆለፊያ አለው። ጥንታዊው ቶካሬቭ ግን በመጀመሪያው አሠራሩ መዶሻውን በከፊል ከማቆም በቀር እንደዚህ ያለ መቆለፊያ ስላልነበረው፣ ጥይት ጎርሶ በወገብ መታጠቁ ለታጣቂው ጭን የሚያሰጋ ነው። በየጊዜው በኮንትሮባንድ ሲገቡ ስለሚያዙት ሽጉጦችም አንድ የሙያ ማስገንዘቢያ ያስፈልጋል። በዓለም ገበያ ላይ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በኋላ አፈሙዛቸው ተበስቶ ለእውነተኛ ጥይት የሚለወጡ ሽጉጦች አሉ። አብዛኞቹ የተሠሩት ከዚንክ ቅይጥ ነው። የ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት ሲተኮስ የሚፈጥረው ግፊት እስከ 235 ሜጋ ፓስካል ሊደርስ ስለሚችል፣ ለዚህ ያልታሰበ ቅይጥ በተኳሹ እጅ ውስጥ ቢፈነዳ የሚያስደንቅ አይደለም። የጭነት መጠን ሳይታወቅ በድልድይ ላይ መኪና እንደማይነዳ ሁሉ፣ ምንጩ ያልታወቀ መሣሪያም ሊተኮስ አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ፣ አረሩ ከዒላማው አልፎ የሚሄድበት ቦታ ነው። የሽጉጥ አረር ወደ ላይ ተዘቅዝቆ ቢተኮስ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የቆርቆሮ ክዳን አያግደውም። በቁይ ዙሪያ ያሉ መንደሮች ባሕር ዛፍ በጋረዳቸው ቤቶች የተሞሉ ናቸው። በሌሊት ከቁጥቋጦ ጀርባ የሚንቀሳቀሰው ጅብ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ውሻ ወይም ገመዱን የበጠሰ አህያ ሊሆን ይችላል፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጎንበስ ያለ ሽማግሌም ሊሆን ይችላል። የጅብ ስሕተት አንድ በግ ያስከፍላል፤ የተኳሽ ስሕተት ግን ነፍስ አጥፍቶ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ደም ያስቀራል።

ይህ አባባል ከስጋት ብቻ የመነጨ አይደለም። በአላስካ ስለ ድብ ጥቃት የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መሣሪያ የነበራቸው ሰዎች ያሉባቸውን 269 አጋጣሚዎች መርምሮ ነበር። በተተኮሰባቸው ጊዜያት ሽጉጥ 84 በመቶ፣ ረጅም ጠመንጃ 76 በመቶ ያህል ተሳክቶላቸዋል፤ ይሁን እንጂ ድቡ በቅርብ ሲመጣ መሣሪያውን የተጠቀሙትና ያልተጠቀሙት ሰዎች የመጎዳት መጠን ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የቃሪያ ቅመም ያለበት ርጭት ቡናማ ድቦችን በ92 በመቶ ያህል አጋጣሚዎች እንዳስቆመ አመልክቷል። ድብ ጅብ አይደለም፤ አላስካም ጎጃም አይደለም። ነገር ግን መሣሪያ መያዝ ብቻውን ከመጎዳት የሚያድን ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሕጉም ነገር መዘንጋት የለበትም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ደግሞ የዱር እንስሳት በዘፈቀደ እንዳይታደኑ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት በመነሣቱ፣ መሣሪያ ታጥቆ በመንገድ የሚገኝ ሰው ለጅብ ብሎ የያዘው ሽጉጥ በሰው ዘንድ ሌላ ስም ሊያሰጠው ይችላል። ለሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያ ይህን በብርቱ ሊያስብበት ይገባል፤ ጥርጣሬ ከጅብ ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳልና።

እንግዲህ ሽጉጥ ካልሆነ ምን ይሁን? መልሱ የሚገኘው አውሬው ለምን ወደ ሰው እንደሚቀርብ በማወቅ ነው። በትግራይ የተደረገና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጅብን ኩስ መርምሮ እንዳመለከተው፣ በዐቢይ ጾም ወራት እርድ ሲቋረጥ፣ በጅብ ምግብ ውስጥ የአህያ ድርሻ ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህም ማለት ጅብ ከሉካንዳና ከቄራ ተረፈ ምርት ሲያጣ ወደ በረት ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ ለጎጃምም ቢሆን የመከላከያው ጊዜ በቀን መቁጠሪያ ሊታወቅ ይችላል። በጾሙ ወራት አህያን ውጭ አለማሳደር፣ የሞተ ከብትን ከመንደር አርቆ በጥልቀት መቅበር፣ የበረቱን አጥር በእሾህ ማጠናከርና በሩን ከሌላው ወገን ይልቅ ማጥበቅ፣ ጥይት የማያወጡ ነገር ግን ጥይት የማያመጣውን ዕረፍት የሚሰጡ ሥራዎች ናቸው።

ብርሃንም ከመሣሪያ ሁሉ ርካሹ ነው። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የአባቱን ከብት ይጠብቅ የነበረው ኬንያዊው ሪቻርድ ቱሬሬ፣ ገና በልጅነቱ፣ በበረቱ ዙሪያ ተራ በተራ ብልጭ የሚሉ መብራቶችን በአሮጌ የመኪና ባትሪና በፀሐይ ኃይል አሠርቶ አንበሶችን ከበረቱ አርቋል፤ በ2005 ዓ.ም. ለዓለም ስብሰባ ቀርቦም ሥራውን አስረድቷል። የፀሐይ ብርሃን ለማይጎድለው የጎጃም ደጋ ይህ ለመሐንዲሶች የተተወ የቤት ሥራ ነው። አንድ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪና ጥቂት አምፖሎች በአንድ መንደር በረቶች ላይ ቢሞከሩ፣ ውጤቱም በዓመት በሚጠፋው የከብት ቁጥር ቢለካ፣ ለሙያውም ለገበሬውም ጥቅም ይኖረዋል።

ሌሊት ለሚሄድ ሰው የሚስማማው ቅደም ተከተልም ከዚሁ ይገኛል። መጀመሪያ ብቻን አለመሄድ፤ ሁለተኛ ብርቱ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ መያዝ፤ ሦስተኛ ጠንካራ ዱላ መያዝ፤ አራተኛ አውሬው ሲታይ አለመሮጥ፣ ቆሞ መጮኽና ወደ ኋላ በእርጋታ ማፈግፈግ። በድንኳን የሚያድር ባለሙያ ምግብና ሥጋ ከመኝታው ማራቅ፣ ድንኳኑንም ዘግቶ መተኛት ይገባዋል። ንክሻ ከደረሰ ግን የእብድ ውሻ በሽታ የሚያመጣው ሞት ከንክሻው ይብሳልና ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድና ክትባቱን መጀመር ግዴታ ነው።

ሽጉጥ በዚህ ተርታ የሚገባው በመጨረሻው ቦታ ነው። ፈቃድ ያገኘ፣ የሠለጠነ፣ በየጊዜው የሚለማመድና በቤቱ ከልጆች እጅ በቁልፍ የሚያርቅ ሰው ቢይዘው አይነቀፍም። ነገር ግን ለጅብ ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ ጅብን ሳያገኝ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የወሰን ጠብን፣ የሰርግ ስካርንና የሕፃን እጅን ግን በየቀኑ ያገኛል። የሚመረጠው መሣሪያ ለየትኛው አደጋ እንደሆነ በትክክል ያልጠየቀ ሰው፣ አንዱን አደጋ ሲሸሽ ትልቁን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

የጎጃም ገበሬ አባቶቹ ባወረሱት ጠመንጃ ሊኮራ መብቱ ነው። ልጁን በሰላም የሚያሳድር ግን የተጠናከረ አጥር፣ የበራ መብራትና የነቃ ጎረቤት ነው። እነዚህንም መሥራት ለመሐንዲስ የሚገባ ሥራ ነው።