ለመጨረሻው ፈተና የትኛውን የትምህርት ዘርፍ እንምረጥ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል፥ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ንግግራችን ይልቁንም ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። 11ኛ ክፍል ስትገቡ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ትመርጣላችሁ፤ በ12ኛ ክፍል የምትፈተኑትም በመረጣችሁት ነው።

ፈተናው ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ደርሰዋል። ስለዚህ ምርጫው በጨዋታ የሚደረግ አይደለም።

አንዳንዱ ሒሳብን ፈርቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሸሻል። ነገር ግን ሒሳብ፥ እንግሊዝኛና የአፕቲቲውድ ፈተና በሁለቱም ዘርፍ አሉ። ታሪክና ጂኦግራፊም የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ነው፤ በቤታችን ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ለምንናገር ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንግዲህ ከሚፈሩት ትምህርት መሸሽ መንገድ አይሆንም። ሌላው ደግሞ ጓደኛውን ተከትሎ ይመርጣል፤ ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ታዲያ በምን እንምረጥ? የአንድ ፈተና ውጤት ሳይሆን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤታችሁን አንድ ላይ ተመልከቱ። ማንም ሳያዛችሁ የምትከፍቱት መጽሐፍ የትኛው እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ከዚያም የምትመኙት ሥራ የሚጠይቀውን ዕወቁ፤ ሕክምናና ምሕንድስና ፊዚክስን፥ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ከሚማሩበት ወገን ናቸው፤ ሕግና የሒሳብ አያያዝ ግን በማኅበራዊው ወገን ይገኛሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን መመኘታችሁ ከፍቅር ነው። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. የለይችዎር መጠለያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ስደተኞች ወደ ጀዊ ሲዛወሩ ምን እንዳስፈለገ አስቡ። ሐኪምና የውኃ ባለሙያ አስፈለጉ፤ ራሽኑን በትክክል የሚቈጥር፥ ሕግ የሚያውቅና ልጆችን የሚያስተምርም አስፈልጓል። ከሁለቱ ዘርፎች የሚናቅ የለም። ስለዚህ ምክራችሁን አትንፈጉን፤ ከመወሰናችሁ በፊት ግን ልጃችሁንና መምህሩን ጠይቁ።

በቀድሞ ዘመን ከካርቱም የሚመጣው መርከብ ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ነጋዴው ቡናውን አስቀድሞ ካላዘጋጀ መርከቡ አይጠብቀውም። የፈተናው ቀንም እንዲሁ ነው፤ ጭነቱ የሚዘጋጀው ግን ዛሬ በ10ኛ ክፍል ነው። መርጣችሁ ከገባችሁ በኋላ ወደ ኋላ አትመልከቱ፤ በመረጣችሁት በርቱ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!