መካኒኩ የለም እንዴ?



ዛሬ ሀሳባችን ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ይዋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የዚያን ዘመን ፎቶግራፎች አይታችሁ ይሆናል። ሐዲድ አንጣፊው ወንድ። እሳት አንዳጁ ወንድ። ባቡር ነጂውም ወንድ።

ሴቶቹስ? ሴቶቹማ ነበሩ። በኋላ በዚያው ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ልብስና ሽቶ እያመላለሱ ስንት ቤት አቁመዋል! የባቡሩን ሰዓት ያውቃሉ። የጉምሩኩን ጠባይ ያውቃሉ። የባቡር ሰው ብሎ የቆጠራቸው ግን ማን ነው?

ዛሬ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ሴቶችም ይነዱታል። አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። ሥራው ተለውጧል። እኛስ?

ጋራዥ እንገባለን። ቱታ የለበሰች ልጅ ትመጣለች። «መካኒኩ የለም እንዴ?» እንላለን። እሷ ፊታችን ቆማ! ሲሻለን ደግሞ «ጎበዝ ነሽ፣ ሴት ሆነሽ!» እንላታለን። ማሞገሳችን ነው። ወንዱን ግን «ጎበዝ ነህ፣ ወንድ ሆነህ» አንለውም። እሱ ሥራውን ነው የሚሠራው። እሷም ሥራዋን ነው የምትሠራው። አድናቆቱ ቢቀርስ? ከአድናቆቱ በፊት ማመኑ ቢቀድምስ?

እንግዲህ ዛሬ እንዲህ ያለች ባለሙያ ካጋጠመቻችሁ፣ ስለ መኪናችሁ ንገሯት። ፍሬኑ ይጮኻል በሏት። ስትጨርስ በዋጋው ተከራከሯት፤ እንደ ማንኛውም መካኒክ።