አካል ጉዳተኛ ምእመናንን ያካተተ የመንፈሳዊ ጉዞ ዝግጅት

(በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ጭድ ተራ ለተሰበሰቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በየዓመቱ ከመርካቶ ወደ ደብረ ሊባኖስ፣ ወደ ቁልቢ፣ ወደ ግሸን የሚነሡ አውቶቡሶች ብዙ ናቸው። በዊልቸር የሚሄድ፣ በክራንች የሚደገፍ ወይም በሰው ሠራሽ እግር የሚራመድ ምእመን በእነዚህ አውቶቡሶች ውስጥ ስንት ጊዜ አይተናል? ልሂድ ብሎ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አንተ አትድከም፤ ጠበሉንና እምነቱን እናመጣልሃለን» የሚል ነው። መልሱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። ሰውየው የጠየቀው ግን ከወንድሞቹ ጋር መሄድን ነበር።

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት በመፃጉዕ የምንሰብከውን እናስታውስ። ያ 38 ዓመት የታመመ ሰው ከመጠመቂያው ሩቅ አልነበረም፤ አጠገቡ ተኝቶ ነበር። ለጌታችን የተናገረው ችግር ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። ይህን በየዓመቱ እየሰበክን የጉዞ ኮሚቴዎቻችን ግን የሚያወርድ ሰው ሳይመድቡ ይነሣሉ።

ነሐሴ 24ን ምሳሌ ላድርግ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለብዙ ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደ ተቆረጠ ገድላቸው ይተርካል፤ ሥዕላቸውም ይህንኑ ያሳያል። ወደ እኒህ ጻድቅ ገዳም በሚደረግ ጉዞ እግር የሌለው ሰው ቢቀር ለማስረዳት ይከብደናል። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አስቸጋሪው ሌላ ነው። ወቅቱ ክረምት ነው፤ ክራንች ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል። ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻም ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባለው ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ከኮሚቴው አንድ ሰው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ሄዶ መኪናው እስከ የት እንደሚገባ፣ ደረጃው ስንት እንደ ሆነ፣ መጸዳጃ ቤቱ ዊልቸር ያስገባ እንደ ሆነ አይቶ ይምጣ። ቢቻል ከአካል ጉዳተኞቹ አንዱ አብሮት ይሂድ፤ እኛ የማናየውን እርሱ ያያልና።

መነሻችንም መታሰብ አለበት። በማለዳ የጭድ ተራን ሁኔታ ታውቁታላችሁ፤ አይሱዙው ሲያራግፍ፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ» እያለ ሲያልፍ፣ ጋሪው መንገዱን ሲይዝ ጤነኛውም መቆሚያ ያጣል። በዊልቸር ያለ ሰው በዚህ መካከል አውቶቡስ ይጠብቅ ማለት አይገባም። መሳፈሪያው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቢሆን፣ እነርሱም ከሁሉ ቀድመው ቢሳፈሩ መልካም ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት በጀመረው ባቡር ወደ አውቶቡስ ተራ ወይም ወደ ሰባተኛ የሚመጣ ካለ፣ አሳንሰሩ በዚያ ሳምንት መሥራቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡለት።

ስለ ተሽከርካሪው ስትዋዋሉ ከዋጋው በፊት የመግቢያውን ደረጃ ከፍታ ተመልከቱ። የቅጥቅጥ ደረጃ ለብዙዎች ከፍ ይላል። የፊት ወንበሮች ለእነርሱ ይያዙ፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ። በሥጋ ደዌ ወይም በአከርካሪ ጉዳት ምክንያት እግሩ የማይሰማው ሰው በሞተሩ አጠገብ ከተቀመጠ ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ መቀመጫው ይቆስላል፤ ቁስሉም ወራት ሊፈጅ፣ ለሕይወትም ሊያሰጋ ይችላል። ወፍራም ትራስ ይኑረው፣ በየጊዜውም ከወንበሩ ከፍ እያለ ያርፍ። ዊልቸሩ ጣሪያ ላይ ከከረጢትና ከጀሪካን ጋር አይታሰር፤ ከተሰበረ ባለቤቱ በሄደበት ቦታ እግር አልባ ሆነ ማለት ነው።

ማንም ደፍሮ የማይናገረው ጉዳይ መጸዳጃ ነው። ብዙ አካል ጉዳተኞች በመንገድ ላይ እንዳይቸገሩ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አይጠጡም። ይህ ጾም አይደለም፤ ኀፍረት ነው። ማረፊያዎቹ በዕቅዱ ውስጥ ይጻፉ፣ ለተጓዦቹም አስቀድሞ ይነገራቸው።

መሸከም ሲያስፈልግ በጎነት ነው፤ በቅፍርናሆም ሽባውን የተሸከሙት 4 ሰዎች ጣሪያ እስከ ማፍረስ ደርሰዋል። ነገር ግን ማንም ሰው ሳይጠየቅ እንደ ዕቃ አይነሣ። በተለይ እኅቶቻችንን ማን እንደሚያነሣቸው ራሳቸው ይምረጡ። የዊልቸር ጎማ ወይም የሰው ሠራሽ እግር ጫማ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ መግባቱ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ እኔ የምለምነው ውሳኔው በበሩ ላይ በክርክር ሳይሆን ከጉዞው በፊት እንዲሰጥ ነው።

የግሸን አቀበት፣ የላሊበላ ደረጃና ዋሻ፣ በገመድ ብቻ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ ለሁሉም እኩል እንዳልሆኑ እናውቃለን። እንደዚያ ባለ ቦታ እስከ የት መድረስ እንደሚቻል እውነቱን ነግረን ምርጫውን ለሰውየው እንተው።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልናገር። ረዳት የሚያስፈልገው ሰው የ2 ሰው ሒሳብ ሲከፍል አያለሁ። የረዳቱ ወንበር በሌሎች ተጓዦች ላይ ቢከፋፈል በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከሙዳየ ምጽዋት መሸፈንም ይቻላል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ይሻላል፤ ምጽዋት መሆኑ ይቀርና የጉዞው ወጪ ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ ሕንፃዎች መግቢያ እንዲመቻች አዝዞ ነበር።

የምዝገባ ቅጽ ረቂቅ ይዘን መጥተናል። ከስምና ከስልክ በታች «በጉዞው ምን ያስፈልግዎታል?» የሚል አንድ መስመር ጨምረንበታል። የነሐሴውን ጉዞ የምታዘጋጁ ኮሚቴዎች ቅጹን ሞልታችሁ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብትመልሱልን የተሽከርካሪውን ውል አብረን እናያለን። ቀጣዩን ስብሰባ ደግሞ በምድር ቤቱ ክፍል እናድርገው፤ ወደዚህ አዳራሽ የሚያወጣው ደረጃ ብቻ ነውና፣ ልንጋብዛቸው የሚገቡን ሰዎች ዛሬ ከመካከላችን የሉም።