ሽንፋ በበጋ
ስለ ውሃ መበከል፣ ስለሚያስከትለው የጤና ጉዳትና ስለ መከላከያው የተደረገ ንግግር



ስለ ውሃ መበከል ሲነሣ አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምናስበው የትልልቅ ከተሞችን ፋብሪካ ነው። እኔ ግን ዛሬ ወደ መተማ ቆላ፣ ወደ ሽንፋ ወንዝ ልወስዳችሁ እወዳለሁ።

ሽንፋ በክረምት ሞልቶ ወደ ሱዳን ይፈሳል፤ በበጋ ግን ውሃው እየሸሸ የተራራቁ ኩሬዎች ይቀራሉ። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚገልጸው፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች በበጋ ከሚጎድሉት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ ይመገቡ ነበር። ኩሬው ዛሬም የሕይወት ዋስትና ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚቀዳበት፣ ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ውሃ አንድ ሲሆን፣ ዋስትናነቱ ወደ አደጋ ይለወጣል።

የብክለቱ ምንጭ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሰውና የእንስሳ ዓይነ ምድር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው፤ የሚያድረውም በአብዛኛው መጸዳጃ በሌለበት ዳስ ነው። ሜዳ ላይ የተጣለውን ጎርፍ ጠርጎ ወደ ወንዙ ያወርደዋል። ከዚህም ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ ተቅማጥና የአንጀት ትላትሎች ይመጣሉ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ የጸበል ስፍራ የተነሣው ኮሌራ፣ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ መጸዳጃና ንጹሕ ውሃ አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት የሚያስገነዝብ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የፀረ-አረምና የፀረ-ተባይ መድኃኒት ነው። መርጫው በወንዝ ሲታጠብ፣ ባዶው ጀሪካንም ለመጠጥ ውሃ መቅጃ ሲውል መርዙ ወደ ሰው ይደርሳል። አንዳንዶቹ ወዲያው ያስመልሳሉ፣ ያልባሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፤ ሌሎቹ ጉዳታቸው ቀስ በቀስ የሚታይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። ውሃን አፍልቶ በመጠጣት ተውሳኩን መግደል ይቻላል፤ ክሎሪንም በተገቢው መጠን ተጨምሮ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ አብዛኛውን ይገድላል፤ ውሃው ደፍራሳ ከሆነ ግን አስቀድሞ መጥለልና መጣራት አለበት። የእርሻን መርዝ ግን ማፍላትም ሆነ ክሎሪን አያስወግደውም። እናት በቤቷ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ፣ ኩሬው ዳር የታጠበውን መርጫ ልታሸንፈው አትችልም። ስለዚህ መከላከያው ከቤት ሳይሆን ከምንጩ መጀመር አለበት።

ሥራውም ከአቅማችን በላይ አይደለም። የመጠጥ ውሃ መቅጃውን ከላይ፣ የከብት ማጠጫውንና የልብስ ማጠቢያውን ከታች አድርጎ መለየት፤ ጉድጓዶችን ቆፍሮ መክደን፤ መጸዳጃን ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ማራቅ፤ መርጫን ከወንዝ ርቆ ማጠብና ባዶ ዕቃውን ዳግም አገልግሎት እንዳይሰጥ መብሳት ነው። የእርሻ ባለቤት ሠራተኛ ሲቀጥር ከምግቡ ጋር ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ማዘጋጀትን ግዴታው አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ኩሬው ዳር የሚደርሰው ግን የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያውና የውሃ ባለሙያው አብረው ሲወርዱ ነው። እስካሁን እያንዳንዳችን በየመሥሪያ ቤታችን ስንቀመጥ፣ ታማሚው ወደ እኛ ሲመጣ ቆይቷል። ከእንግዲህ ወደ ውሃው የምንሄደው እኛ እንሁን።